ከባንዲራው እንጨት እስከ ኔፕቲዩን

እናቴ ጠርጣራ ሴት ነበረች፤ እኔም ቁርጥ እሷን ወጣሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው እንደ ቀልድ ጣል ያደርገዋል፤ እኛ ቤት ግን የምር ነበር። ያደግሁት አምቦ ነው፤ አባቴም እናቴም የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። አንድ ጎረቤት ሳይጠራ ሰላም ሊለን ከመጣ፣ እናቴ ሰውየው እስኪወጣ ጠብቃ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ሳትል አትቀርም። ብዙ ጊዜ የፈለገው ነገር አልነበረም። እሷ ግን «ዛሬ አልነገረንም ማለት ነው» ብላ ነገሩን ለሌላ ቀን ታቆየዋለች።

የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ከጌዶ ወዲህ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ስሟ ሰው አፍ መግባቱን የማይወዱ ሰዎች ዛሬም አሉባት። ቤት የተከራየሁት ከከተማዋ ጫፍ፣ ከአንድ አዛውንት ገበሬና ከባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ነበር። ከጓሯቸው እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ማዶ ማሳቸው፣ ከማሳው ማዶ የጋራ ግጦሽ፣ ከግጦሹ ማዶ ደግሞ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር። ጠዋት ጠዋት ማሳውን አቋርጬ ነው ሥራ የምገባው። አዛውንቱ «ባርሲስቱ» ይሉኛል፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። ባለቤታቸው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ማለት ጀመሩ፤ እርጎም ይልኩልኝ ነበር። እኔ እርጎውን እየጠጣሁ ምን ፈልገው ይሆን እላለሁ።

ዘመኑ ራሱ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ነበር። መሬት የሚለው ቃል ከሁሉ ሰው አፍ የማይለይበት ዓመት ነው። ትምህርት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ከመሃል አገር ተነስቶ እየሰፋ የሚመጣ ፕላን አለ ይባላል፤ የትኛው መንደር ውስጡ እንደሚገባና የትኛው እንደሚተርፍ ግን አውቃለሁ ባዩ ሁሉ የየራሱን ነበር የሚያወራው። ማሳ ዳር ቆሞ የጫማውን ክር የሚያስር እንግዳ እንኳ ከየት መጣህ ሳይባል አያልፍም። ሁለት ሰዎች ቆመው ወደ አንድ አቅጣጫ በጣታቸው ካመለከቱ በማግስቱ ወሬው ገበያ ይደርሳል።

በዚህ መሃል ነው እኔ ፕላኔቶችን ማስተማር የጀመርኩት።

ተማሪዎቼ የፕላኔቶቹን ስም በቅደም ተከተል እንደ መዝሙር ይወጡታል። ችግሩ መጽሐፋቸው ላይ ያለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ስምንቱንም አንድ ገጽ ላይ ለማግባት ሲል ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ አጠጋግቶ ደርድሯቸዋል። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ጁፒተር እንዲህ ትልቅ ከሆነ ሲዞር ከማርስ ጋር ለምን አይጋጭም ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሥዕሉን አምኖ ለሚያይ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መሃላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በእግራቸው ካልሄዱበት በቀር በአፍ ብነግራቸው እንደማይገባቸው ተረዳሁ።

የናይለን ገመድ አገኘሁ። ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው ርቀት አንድ ገመድ ይሁን ተባባልን። እንግዲህ በዚያው ሒሳብ ሜርኩሪ ከግማሽ ገመድ በታች ላይ ይቀራል፤ ቬነስ ከመሬት ትንሽ መለስ ብላ ትቆማለች፤ ማርስ አንድ ገመድ ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ጁፒተር አምስት ገመድ አልፎ ነው፤ ሳተርን ዘጠኝ ተኩል ላይ፤ ዩራነስ አሥራ ዘጠኝ፤ ኔፕቲዩን ሠላሳ። ፀሐይን የባንዲራው እንጨት ላይ አደረግናት። ለየፕላኔቱ ከባሕር ዛፍ ችካል ጠረብን፤ ከሩቅ እንዲታይ ጫፉን ቀለም ለመንከር ፈለግን። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተገኘው ቀለም የብረት በሩ ሲሠራ የተረፈ አንቲረስት፣ ቀዩ የዝገት መከላከያ፣ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሁሉም ችካል ጫፍ ቀይ ሆነ።

ማርስን ስንተክል ገና ግቢው ውስጥ ነን፤ ጫጫታው ሌላ ነው። ጁፒተር አጥሩ ሥር አረፈ። በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተን ሳተርንን ግጦሹ ላይ ተከልን። ጥር ነበርና እህሉ ታጭዶ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ቀርቶታል፤ ማንም ሰብል አልረገጠም። ዩራነስ ማሳው መሃል ወደቀ። ያን ጊዜ ልጆቹ ዝም ማለት ጀመሩ፤ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ለመድረስ እየሄዱ፣ እየሄዱ፣ አሁንም አልደረሱም። ኔፕቲዩን ላይ ስንደርስ አንዲት ልጅ ዞር ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ አየችና ፀሐይዋ ጠፋች አለች፤ የባንዲራው እንጨት አይታይም ነበር። ደስ አለኝ። ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱትን ትምህርት አስተማርኩ ብዬ ነበር።

እዚያው ቆመን የቀረውን ነገርኳቸው። ለፀሐይ የቀረበው ይፈጥናል፤ ሜርኩሪ ሦስት ወር ሳይሞላ ዙሩን ይጨርሳል። ኔፕቲዩን ግን አንድ ጊዜ ለመዞር ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ጉዞውን ሲጀምር ያየ ሰው ሲጨርስ አያየውም። ምህዋራቸው ደግሞ ደንበኛ ክብ ሳይሆን በጥቂቱ የተለጠጠ ነው። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ የቆምኩት የአከራዬ እንሰት ዳር እንደሆነ ልብ አላልኩም። ኔፕቲዩን እዚያ እንዲያርፍ ያደረገው ሒሳቡ ነው፤ እኔማ የት እንደሚያደርሰን አስቀድሜ አላየሁም።

በማግስቱ ከሳተርን ጀምሮ ያሉት ችካሎች በሙሉ ተነቅለው አገኘኋቸው። ግቢ ውስጥ ያሉት እንዳሉ ናቸው።

የእናቴ ልጅ ነኝና ወዲያው ተጠርጣሪ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ማገዶ ለቃሚዎችን አሰብኩ፤ ግን ማገዶ የሚፈልግ ሰው ከአጥሩ ውስጥ ያሉትን ለምን ይተዋል? ቀጥሎ ወደ ዘበኛው ዞርኩ፤ በአጥሩ ቀዳዳ መውጣታችንን አልወደደውም ነበር። በመጨረሻ የሒሳብ አስተማሪው ላይ ረጋሁ። ሥራዬን ስነግረው ፈገግ ብሎ «ገመዱን ከየት አመጣሽው?» ብሎኛል። ገመድ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው ችካል የት እንደሚሄድም ያውቃል አልኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሻይ ስንጠጣ ፊቱን አጠናሁት፤ እሱም የወደድኩት ሳይመስለው አልቀረም።

አዲስ ችካል አስጠርቤ እንደገና ተከልን። እንደገና ተነቀለ።

ቤትም ነገር ተበላሸ። አዛውንቱ ማለዳ ላይ ሲያገኙኝ የነበረው ረጅሙ የኦሮሞ ሰላምታ፣ እንዴት አደርሽ፣ ከብቱ፣ ቤቱ፣ አገሩ የሚለው ሁሉ፣ አንድ ቃል ሆኖ ቀረ። እርጎው ቆመ። ሚስትየዋ ግቢ ውስጥ ሲያዩኝ ወደ ማጀት ይገባሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የክፍሌን በር በዓይናቸው ሲመረምሩ ደረስኩባቸው። የባንክ ሠራተኛ ተከራይ አግኝተው እኔን ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በሬን መቆለፍ ጀመርኩ፤ እነሱም እኔ ስገባ የጓሯቸውን በር ይዘጋሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት እየተጠባበቅን ከረምን።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያለሁ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ቢሮው ፊት ለፊት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አከራዬ ከመሃላቸው ናቸው። ሁሉም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በዚያ ደረቅ ወር ያን ሣር ያገኙት ወንዝ ዳር ወርደው መሆን አለበት። አምቦ ያደገ ሰው ያ ሣር ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ የሚያዘው ጉልበት ያለው ሰው ሲለመን ነው። እኔ ወር ጠብቄ የምኖር የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሣር ይዞ የሚለምነኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዳይሬክተሩን ላብ አጥምቆታል። ገና ስደርስ ችካል እንድተክል ማን እንደፈቀደልኝ ጠየቀ። ሲላበሱ ላይ አለ አልኩት። ሲላበሱ ከአጥር ውጪ ውጡ ይላል ወይ አለኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተናገሩ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ከመሃላችን ገብተሽ በላሽ፣ ጠጣሽ፣ እኛም እንደ ልጅ አየንሽ አሉ። ታዘሽ እንደሆነ በአንቺ አንፈርድም፤ ያዘዙሽን ሰዎች ግን ከዚህ ሌላ መሄጃ የላቸውም ብለሽ ንገሪልን አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀይ ጫፍ ያለው ችካል፣ ከመንግሥት ግቢ ተነስቶ፣ በቀጥታ መስመር፣ በግጦሽና በማሳ መሃል አልፎ፣ አንድ ሰው ጓሮ ላይ ሲቆም በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም አይቶታል።

ማስረዳት አለብኝ አልኩ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ የሚያባብስም አልመሰለኝም። ዱላ አንስቼ መሬት ላይ ጫርኩ። ይህች ፀሐይ ናት፤ እነዚህ ችካሎች ፕላኔቶች ናቸው፤ አንድ መስመር ላይ የተከልናቸው ርቀታቸውን ለማሳየት ነው እንጂ እነሱስ ቆመው አይቀሩም፤ ይዞራሉ አልኩ። የኔፕቲዩንን ክብ በሰፊው ሣልኩት። አንደኛው ሽማግሌ በበትራቸው ክቡን ተከተሉና፣ ይህ መስመር መሬት ላይ ቢሰመር የት የት ያልፋል ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄ ወዳለሁ። በዚህ በኩል ወፍጮ ቤቱን፣ በዚያ በኩል ምንጩን፣ ከላይ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ይዞራል አልኳቸው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ውስጥ ነው?» አሉ።

«አዎ» አልኩ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ «ሁሉም ውስጥ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ ዓመት፣ ከመሃል ተነስቶ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሥዕል ምን እንደሚያወራ የማያውቅ ሕፃን በዚያ አገር አልነበረም። እኔ በገዛ እጄ ሠርቼ አሳየኋቸው። ዳይሬክተሩ ከአጥር ውጪ አንዲት ስንጥር እንዳትተከል አዘዘና ሁላችንንም አሰናበተ። አከራዬ ሳያዩኝ ሄዱ፤ ሣሩ በእጃቸው ነበር።

ዕድሜዬን ሰው ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ እኔ ስጠረጠር ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቤት ልቀይር አልኩ፤ ብቀይር ደግሞ ነገሩን እውነት ነው ብሎ መፈረም ሆነብኝ። አዛውንቱ ገና ሳይነጋ ተነስተው በሬዎቻቸውን እንደሚያዩ አውቃለሁ። አንድ ማለዳ ጋቢዬን ተከናንቤ ግቢው መሃል ጠበቅኋቸው። ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ አበሩብኝና ምን እየሠራሽ ነው አሉኝ። ኮከብ እያየሁ ነው አልኳቸው። ባትሪውን ቶሎ አላጠፉትም።

የዚያን ሰሞን ሰማዩ በእኔ ወገን ነበር። በምሥራቅ፣ በጉደር በኩል፣ የአጥቢያ ኮከብ ወጥታለች። ያቺን ያውቋታል ወይ አልኳቸው። ባከልቻ ናት፣ ማን የማያውቃት አለ አሉ። ኮከብ አይደለችም፤ ቬነስ ናት፤ እንደኛዋ መሬት ፀሐይን የምትዞር ዓለም ናት አልኳቸው። እንደ ሌሎቹ አትርገበገብም፤ ልብ ብለው ይዩ። አዩ። ከእሷ ከፍ ብሎ ሳተርንን አሳየኋቸው፤ ከዚያ ቀላ የሚለውን ማርስን፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጌዶ አቅጣጫ ያጋደለውን ጁፒተርን። አንገታቸውን ቀስ አድርገው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አዞሩ። ከዚያ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መለሱት።

«በአንድ መስመር ነው የተተከሉት» አሉ።

ፕላኔቶቹ ሁሉ ፀሐይን የሚዞሩት በአንድ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ያሉ ያህል ነው፤ እኛም እዚያው ሜዳ ላይ ቆመን ወደ ጎን ስለምናይ አንድ መስመር ላይ የተደረደሩ ይመስሉናል። ይህን እንዴት ልንገራቸው? አውድማ ላይ እንደሚያበራዩት በሬዎች ናቸው አልኳቸው። የመሃለኛው በአጭሩ ይዞራል፣ የዳሩ ብዙ ይሄዳል፤ አውድማ ውስጥ ቆሞ ለሚያይ ግን ሁሉም እኩል መሬት ላይ ናቸው። ልዩነቱ፣ በሰማዩ አውድማ የመሃለኛው ከሁሉም ይፈጥናል። በሬ እንዲህ አይሄድም አሉ። ግን ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆይቶ ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ወደ ጎተራቸው ሄዱና ከሥሩ በገመድ የታሰረ የችካል እስር ጎትተው አወጡ። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ዙር፣ አንድም ሳይጎድል። ሌባው አከራዬ ነበሩ፤ የሒሳብ አስተማሪውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለምን እንዳላቃጠሉት ጠየቅኋቸው። የመንግሥት እንጨት አይቃጠልም አሉኝ፤ ነቅለው ቢገኙ እንኳ አስቀምጬላችሁ ነው ለማለት ነበር ያሰቡት። በነጋታው ኔፕቲዩንን በገዛ እጃቸው፣ በመጥረቢያ ጀርባ እየመቱ፣ እንሰታቸው ዳር መልሰው ተከሉት። መንገደኛ ሲጠይቃቸው የባርሲስቱ ኮከብ ነው ይላሉ። ከፀሐይ የመጨረሻው፣ ቀርፋፋው፣ እኔ ጓሮ ያለው እሱ ነው እያሉ ያስረዳሉ። እርጎው ተመለሰ። እኔማ ለጥቂት ጊዜ ይህ ሁሉ እምነት ከየት መጣ እያልኩ እርጎውን አሸተትኩት።

ከዓመታት በኋላ ወደ አምቦ ተዛወርኩ። አዛውንቱ ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውላሉ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ወሬያችን ሰማይ ነው። አንድ ታኅሣሥ ጁፒተርና ሳተርን በምዕራብ ሰማይ አንድ እስኪመስሉ ተጠጋግተው የታዩ ጊዜ፣ ገና ፀሐይ እንደጠለቀች ደወሉ። ሊጋጩ ነው ወይ አሉኝ። አይጋጩም፤ ሳተርን በእኛ ገመድ አምስት ገመድ ያህል ከጁፒተር ወደ ኋላ ነው፤ የተደራረቡት ለእኛ ዓይን ብቻ ነው አልኳቸው። ያው የድሮው ተማሪዬ ጥያቄ ነበር፤ እሳቸው ግን መልሱን ከእኔ ሳይሰሙ ሊያምኑ አልፈለጉም። ኮራሁ። የባሕር ዛፉ ችካል በስብሶ በጥድ እንደተኩት፣ ጫፉንም ገበያ ከገዙት ቀይ ቀለም እንደነከሩት ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ነው ሰዎች የመጡት። ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ ሦስት ዓይነት ወሬ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም አላመንኩም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጀምረው ግጦሹንና ማሳውን አቋርጠው ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ተክለው ሄዱ። ወጣቶቹ ደንግጠው ሊነቅሉት ሲሉ አዛውንቱ ከለከሏቸው። ተዉ፣ የትምህርት ቤት ነው፣ የባርሲስቱ ኮከብ ነው፣ ያኔም እኔ በሞኝነት ነቅዬ አፍሬያለሁ አሏቸው። ላም ገፍታ ያጋደመችውን አንዱን ራሳቸው አቃኑት። ሰውም አመናቸው፤ ስለ ችካሉ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለማ። መሬቴ ተነካ የሚል ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበት ጊዜ ሲያልፍ ያቀረበ አልነበረም። እንሰቱን የገፈፈው ማሽን ሲመጣ ነው ሚስትየዋ የደወሉልኝ። «ኢንተላ ኮ» አላሉኝም።

በነጋታው ከአምቦ በሚኒባስ ሄድኩ። ክረምት ነው፤ መንገዱ በሙሉ ጉም ነበር። ግጦሹ በነበረበት የቆርቆሮ አጥር ቆሟል፤ አጥሩ አዛውንቱ ጓሮ ድረስ መጥቶ እንሰቱን ከግማሽ ቆርጦታል። አውድማው ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል። እሳቸው በረንዳው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሰው እንዲህ ባንድ ጊዜ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም። ሰላምታቸው አንድ ቃል ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ካሣው ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሳያዩኝ ሌላ ጠየቁኝ።

«ዱጋውን ንገሪኝ፤ እውነቱን። ያኔ አንቺን የላከሽ ማን ነበር?»

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ።»

«ችካል እንድንለምድ ነው የላኩሽ። ከለመድን በኋላ እነሱ መጡ።»

በእናቴ ማልኩላቸው። የእናቴን ጠባይ ቢያውቁ ኖሮ ያን መሐላ ቀላል አድርገው አያዩትም ነበር። እሳቸው ግን ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው አሉ፤ የአማርኛውን ተረት ለእኔ ብለው መረጡት። ተናደድኩ። በእሳቸው ተናደድኩ፣ በራሴም፣ በዚያ ቀይ ቀለምም። ደግሞ የማልክደው ነገር፣ እዚያው ተቀምጬ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ያን ችካል ከተማው ሁሉ ሲያየው ከርሟል። ሰዎቹ የጀመሩት እኛ በወጣንበት በኩል ነው፤ ሰው እንደማይነቅለው ያወቀ አንድ ሰው አይቶት፣ ይህስ ይመቻል ብሎ ይሆን? አንድም ማስረጃ የለኝም። የለም ብዬ መማልም አልቻልኩም፤ የማልኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው እያወቀች ነበር ይሉኛል።

ዝናቡ ካፊያ ሆነ። አዛውንቱ ወደ ሰማዩ ቀና አሉ።

«እነዚያስ?» አሉ። «የባከልቻዋ ነገር፣ እንደ አውድማ ይዞራሉ ያልሽኝ፤ እሱም ለዚሁ ነበር?»

«እሱ እውነት ነው» አልኩ።

ለሌላ ለማንኛውም ሰው ማሳየት እችል ነበር። ያን ቀን ግን ከሰማዩ አንድ ጥግ እንኳ የተገለጠ አልነበረም፤ ከመስከረም በፊት እንደማይገለጥም ሁለታችንም እናውቃለን። ዓይናቸውን ከጉሙ ላይ አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አዩና «እሺ» አሉ። ያን እሺ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ለማታምነው ነጋዴ የምትለው ነው።

ስነሳ ሚስትየዋ ከማጀት ወጡ። በዚያ ቤት እንግዳ ቆሞ እደሪ ሳይባል አይወጣም፤ ሳልፈልግ እንኳ ስንት ጊዜ አስገድደው አሳድረውኛል። ሁለቱም አላሉኝም። አዛውንቱ ግን በትራቸውን አንስተው፣ ካፊያው እየመታቸው፣ ሚኒባሱ እስከሚቆምበት ድረስ አብረውኝ ሄዱ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ከመንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁ። የሸኙኝ ለክብሬ ይሁን መሄዴን ለማረጋገጥ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።